ከጋሼ ጋር ቦንጋ ላይ ቡና ፍለጋ

ጋሼ ካፖርቱን የሰጠኝ ቀን ደስ አለኝ። በማግስቱ ፈራሁ።

ደስ ያለኝ ካፖርቱ ካፖርት ስለሆነ ነው። ጥቁር፣ ወፍራም፣ ገበሩ እንደ ሐር የሚያዳልጥ፤ ከተማሪነቴ ጀምሮ «ይኼ ሰውዬ መቼ ወፍሮ ይጠበው ይሆን?» እያልኩ ስመኘው የኖርኩት። የፈራሁት ደግሞ በማግስቱ እህታችን ጸዳለ ደውላ «ሬዲዮኑን ለእኔ ሰጠኝ» ስትለኝ ነው። ሰዓቱንም ለሰፈሩ ዘበኛ ሰጥቷል። የማንበቢያ መነጽሩን ለጎረቤቱ ሰጥቷል። የጎረቤትየው ዓይን ደግሞ ደህና ነው። ዓይኑ ደህና ለሆነ ሰው መነጽር የሚያድል ሰው፣ ምን እየሰጠ እንደሆነ ሳይሆን ቶሎ ማለቁን ነው የሚያየው።

«ዕቃውን እያከፋፈለ ነው» አለችኝ ጸዳለ። «ዕቃውን የሚያከፋፍል ሰው ወይ አገር ሊለቅ ነው፣ ወይ...» አልጨረሰችውም። ጋሼ ፓስፖርት የለውም።

ጋሼ ታላቅ ወንድማችን ነው። ጡረታ የወጣ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር። ስሙን ብጠራ ስለሚቆጣኝ ጋሼ እንዳልነው እንቀጥል። ሚስቱ እትዬ በላይነሽ ከጥምቀት በኋላ ታማ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ሞተች። በቀብሯ ቀን ሁላችንም መሬት ላይ ስንንፈራፈር ጋሼ ቀብሩን እንደ ሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ነው የመራው። መኪና የሚቆምበትን አሳየ። አግዳሚ ወንበሮቹን በመስመር አስደረደረ። ድምፅ ማጉያው ጮኸ ብሎ አስቀነሰ። ሬሳ ሳጥኑን የተሸከሙትን ጎረምሶች «እግር አስተካክሉ! ግራ! ግራ!» ሲላቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አንዲት ጠብታ እንባ ግን አልወጣውም። ለቀስተኛው ሁሉ «ወይ ጥንካሬ!» እያለ ተመለሰ። እኛ አገር እንባ የቸገረውን ሰው ጠንካራ እንለዋለን፤ ውሃው የነጠፈን ጉድጓድ ግን ጠንካራ ብሎ ያመሰገነ ሰው አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ እህል ቀነሰ። እንቅልፍ ቀነሰ። ሐኪም ዘንድ ወሰድነው። ሐኪሙ ደረቱን አዳምጦ፣ ደሙን አስመርምሮ፣ «ምንም የለም» አለን። ልክ ነበር። ቤቱም ውስጥ ምንም የለም።

ያልተወው ቡና ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን ደስ ብሎት አይደለም። የትም ቢጋበዝ አንድ ጊዜ ፉት ይልና አፉ ውስጥ ያቆየዋል። ከዚያ የደካማ ተማሪ ፈተና እንዳረመ ሰው ሲኒውን ቀስ ብሎ ያስቀምጣል። አይናገርም። ሲኒው ግን ውጤቱን ይናገራል።

እንግዲህ በዚህ መሃል ነው መሥሪያ ቤቴ ለስልጠና ቦንጋ የላከኝ። እዚህ ላይ ሞኝነቴን አስተውሉልኝ። እኔ ከጥቂት ጊዜ ወዲህ «ስፔሻሊቲ ቡና» የሚባል በሽታ ይዞኛል። በሽታው የሚጀምረው ጓደኛ ሲጋብዝ ነው። ከዚያ ሰውየው ቡና መጠጣት ያቆምና ስለ ቡና ማውራት ይጀምራል። እናም አሰብኩ፦ ጋሼ የታመመው ጥሩ ቡና አጥቶ ነው። ቦንጋ ደግሞ ካፋ ነው፤ ቡና የፈረንጅ ስሙን ያገኘበት አገር ነው። እዚያ በየደጁ ምርጥ ቡና ቤት ይኖራል። አንዱ ዘንድ አስቀምጠዋለሁ፤ አንድ ሲኒ ይጠጣል፤ ፊቱ ይፈታል፤ ሬዲዮኑን ከጸዳለ ያስመልሳል። ሐዘንን በማኪያቶ ለማከም የተነሣ የመጀመሪያው ሰው ሳልሆን አልቀርም፤ የመጨረሻው ብሆን ደግሞ ለሕዝብ ይበጃል።

«ቦንጋ ምን አለ?» አለኝ ስጠይቀው።

«ጫካ አለ። ቡና አለ። አየር ትለውጣለህ።»

«አየሩ ምን አደረገ?» አለ። ግን መጣ። እምቢ ለማለትም አቅም ይጠይቃል።

ስልጠናው ስለ ምን እንደነበር አትጠይቁኝ፤ እኛም አልጠየቅንም። እኔ አዳራሽ ውስጥ ሳንቀላፋ ጋሼ የሆቴሉ መስኮት ሥር ተቀምጦ ዝናብ ሲያይ ሰነበተ። የቦንጋን ዝናብ ለማያውቅ ልንገረው፦ እንደ አዲስ አበባ ዝናብ ቁጣውን ተወጥቶ አይሄድም። ጫካው ከተማዋን ከላይ ጎንበስ ብሎ ያያታል፣ ጉሙ ከጫካው ይወርዳል፣ ዝናቡ ከጉሙ ይወርዳል፣ ሁሉም ቀስ ብሎ፣ የሚቸኩልበት ሳይኖር። ለደስተኛ ሰው ያምራል። ለጋሼ ግን አንድ ተጨማሪ መጋረጃ ነበር።

ስልጠናው አልቆ ቅዳሜ ነጻ ሆንን። እሑድ ጠዋት ተመላሽ ነን። ካፖርቴን፣ ማለትም ካፖርቱን፣ ለበስኩና «በል ተነሣ ጋሼ፣ ዛሬ ቡና ትጠጣለህ» አልኩት።

ዋናው መንገድ ዳር ያገኘነው የመጀመሪያው ካፌ አማረኝ። የሚያብረቀርቅ ማሽን ባንኮኒው ላይ እንደ ታቦት ተቀምጧል።

«ማሽኑ አለ» አለችን አስተናጋጇ። «መብራት የለም።»

«መቼ ይመጣል?»

«እሱ መቼ ይናገራል?» አለችና ሻይ በፔርሙስ አቀረበችልን። ቦንጋ ድረስ ሄጄ መጀመሪያ የጠጣሁት ሻይ ነው። ጻፉት።

ሁለተኛው ጄኔሬተር አለው። ጄኔሬተሩ ከእኛ ጠረጴዛ ጀርባ ስለነበር ቡና ያዘዝነው በምልክት ነው። መጣ። ጥቁር፣ መራራ፣ የተቃጠለ። ይሄን ጣዕም ከየት እንደማውቀው ግራ ገባኝና አስተናጋጁን ጠርቼ በጩኸት ጠየቅሁት፤ «ቡናው ከየት ነው?»

«ከአዲስ አበባ ነው!» አለ፣ ደረቱን ነፍቶ። «የኛ ተቆልቶ ታሽጎ ነው የሚመጣው!»

ጋሼን ቀና ብዬ አየሁት። ሲኒውን አስቀምጧል። ውጤቱ ተለጥፏል።

መውጫው ላይ ባጃጅ ያዝን። ሹፌሩ አለማየሁ ይባላል፤ ጢሙን አሳምሮ የከረከመ፣ ዕድሜው ከእኔ የማያንስ፣ ሲናገር ወደ ኋላ ዞሮ ተሳፋሪውን የሚያይ ሰው ነው። መንገዱን ማን እንደሚያየው እግዜር ይወቅ። «ቦንጋ ውስጥ ምርጡ ቡና ያለበት ውሰደን» አልኩት። «ምርጡ?» አለ። «ምርጡ!» አልኩ። ገባው። ሽቅብ ወጣን፣ ቁልቁል ወረድን፣ ጭቃው ባጃጇን እንደ ጀልባ አንሳፈፋት፤ በመጨረሻ አንድ ትልቅ የቆርቆሮ መጋዘን በር ላይ አቆመን። ውስጡ እስከ ጣሪያ ጆንያ ነው።

«ይኸው» አለ አለማየሁ፣ በኩራት። «ከዚህ የሚበልጥ ቡና የለም።»

«የሚጠጣ ነው ያልኩህ!»

«ይጠጣል እኮ። እዚህ አይደለም እንጂ።»

የመጋዘኑ ጥበቃ ከዝናብ ተጠልሎ ከቆመበት ሆኖ «ኤክስፖርት ነው፣ አይነካም» አለን፤ ማንም ሊነካ እጁን ሳይዘረጋ። ጋሼ ከባጃጇ ወርዶ በሩ ላይ ቆመ። ጆንያዎቹን ረጅም ጊዜ አያቸው።

«ሁሉም የሚሄድ ነው?» ሲል ጠየቀ።

«ጥሩ ጥሩው ይሄዳል» አለ ጥበቃው።

«አዎ» አለ ጋሼ። «ጥሩ ጥሩው ይሄዳል።»

በካፖርቱ ውስጥ በረደኝ። ቸኩዬ እጁን ይዤ ባጃጇ ውስጥ መለስኩትና አለማየሁን «ተፈልቶ፣ በሲኒ፣ ወንበር ላይ ተቀምጠን!» አልኩት፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው። እሱም ለእብድ እንደሚታገሥ ሰው ራሱን ነቅንቆ፣ አዲስ የተከፈተ አንድ ቡና ቤት ወሰደን።

ይኼኛው እውነተኛው ነበር። ስፔሻሊቲ! ግድግዳው ባዶ፣ ጠረጴዛው ባዶ፣ መደርደሪያው ባዶ። ገንዘብ ያለው ሰው ባዶነትን ይገዛል። ባለቤቱ ናሆም እባላለሁ አለን። የቆዳ ሽርጥ ታጥቋል፣ ፊቱ ላይ መርዶ ሊያረዳን የመጣ ሐኪም ዓይነት የሚያሳስብ ርኅራኄ አለ።

«የታጠበ ይሁን ያልታጠበ?» ብሎ ጠየቀ።

«የታጠበ» አለ ጋሼ፣ ነገሩን የጽዳት ጉዳይ አድርጎት።

ናሆም ቡናውን መዘነ። አልበቃውም፤ እንደገና መዘነ። ውሃውን በቴርሞሜትር ለካ። የቡና ማጥለያ ወረቀት አጠበ። ወረቀት የሚያጥብ ሰው ስናይ ጋሼ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ «መድኃኒት ነው ወይ የምታጠጣኝ?» አለኝ። ቀልድ ሊሆን ይችላል ብዬ ልቤ ዘለለ፤ ፊቱን ሳየው ቀልድ አልነበረም። ውሃው በቀጭኑ፣ እየዞረ፣ እንደ ጸሎት ፈሰሰ። ውጭ ያለው ዝናብ እንኳን ከዚህ ይፈጥን ነበር።

በመጨረሻ ቀረበ። ናሆም አጎንብሶ «መጀመሪያ የአበባ፣ ቀጥሎ የኮክ፣ ወደ መጨረሻው የማር ነገር ይሰማዎታል» አለ።

እኔ ዓይኔን ጨፈንኩና «አቤት ኮኩ!» አልኩ። ኮኩ ቀርቶ ቅጠሉም አልተሰማኝም። ጋሼ ፉት አለ። አቆየው። እኔና ናሆም ትንፋሻችንን ይዘን ጠበቅን።

«ምን ተሰማዎት?» አለ ናሆም።

«ጉልበቴ» አለ ጋሼ። «ሲዘንብ ይሰማኛል።»

ከዚያ ግን ልጁ የደከመበትን ያውቃልና፣ «ጥሩ ነው ልጄ፣ በጣም ጥሩ ነው» አለው። ዳይሬክተር ነበር፤ የወደቀ ተማሪን ማበረታታት ያውቅበታል። ናሆም ግን ሙያው ነውና አልተወም። «ለምሳሌ ቤትዎ ቡና የሚፈላው እንዴት ነው? ጠቆር ነው፣ ቀለል ነው የሚቆላው? እሱን ካወቅሁ ልክ እንደሱ ላደርግልዎ እችላለሁ።»

ጋሼ ተነሣ። ባርኔጣውን አደረገ። በሩን ከፍቶ ዝናብ ውስጥ ወጣ።

ናሆም ደነገጠና ወደ እኔ ዞሮ «ምን አጠፋሁ?» አለ። ምን እንዳጠፋ ብነግረው ቀኑን ሙሉ ያዝናል፤ ባልነግረው ደግሞ የቴርሞሜትሩ ስሕተት መስሎት ዓመቱን ሙሉ ያዝናል። «ጉልበቱ ነው» ብዬው ተከተልኩት።

ደጅ ላይ ባጃጇ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅራለች። አለማየሁ ያስነሣል፣ ጎማዋ ይዞራል፣ ባጃጇ ትሰምጣለች። ልግፋ ብዬ ከኋላ ገባሁ። አንድ ጊዜ ገፋሁ፤ ባጃጇ ሳትንቀሳቀስ እኔ ተንቀሳቀስኩ። በፊቴ ነው የወደቅሁት። የተመኘሁት ካፖርት ከአንገቱ እስከ ጫፉ ጭቃ ለበሰ። ጋሼ ይኼን ሁሉ አላየም፤ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ መንገዱን ይዞ ቁልቁል ይሄድ ነበር።

«አባትህ ናቸው?» አለ አለማየሁ፣ እያነሣኝ።

«ወንድሜ ነው።»

«ቡና አይደለም የሚፈልጉት» አለ። «ምንድን ነው የሚፈልጉት?»

እኔ እንጃ ብዬው በሩጫ ጋሼን ለመድረስ ሄድኩ። ስደርስበት በዝናብ ርሶ ቆሟል። ተስፋ ልቆርጥ ስል፣ አፍንጫዬ ቀና አለ። ቡና ሸተተኝ። ከመንገዱ ገባ ብሎ፣ የቡና ዛፍ የከበበው ቤት ደጅ ላይ፣ ትልቅ ሰማያዊ ሸራ ተወጥሯል። ሥሩ አግዳሚ ተደርድሯል። ጋቢ የለበሱ ሰዎች ሲኒ ይዘው ተቀምጠዋል። ጥግ ላይ ጥቂት ጎልማሶች ካርታ ይጫወታሉ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። አዲስ አበባ ላይ በየመንገዱ ዳር ሸራ ወጥሮ ቡና የሚሸጥ ሞልቷል። ቦንጋ ላይ አንድ ጎበዝ ነጋዴ ሐሳቡን አስፍቶታል አልኩ።

ስንገባ ያ ሁሉ ሰው ብድግ አለልን። «አቤት መስተንግዶ!» አልኩ በልቤ። አንድ ነጭ ሪዛም ሽማግሌ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ አንገታቸውን ሰበር አድርገው፣ «በዚህ ዝናብ! በዚህ ጭቃ! እግዜር ይስጥልን» አሉኝ። ለደንበኛ እንዲህ የሚያዝን ቡና ቤት ዓይቼ አላውቅም። ቦታ ለቀቁልን። ተቀመጥን። ሰው እስኪታዘዘን ትንሽ ጠበቅሁና፣ በአዲስ አበባ ልማዴ፣ ሁለት ጊዜ አጨበጨብኩ።

የካርታ ተጫዋቾቹ እጅ አየር ላይ ቀረ።

ጥቁር ሻሽ ያሰረች ሴት ጀበናዋን ይዛ መጣች። «እናት፣ ማኪያቶ ይኖራል?» አልኳት።

«ቡና ነው ያለው» አለች፣ ጭቃዬን ከላይ እስከ ታች እያየች።

«እሺ፣ ሁለት ቡና። የኔ ስኳሩ አነስ ይበል።»

ቀዳችልን። ከቡናው ጋር ንፍሮ መጣ። ይኼን ጊዜ መንቃት ነበረብኝ፤ የለቅሶ ንፍሮ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። እኔ ግን «እንዴት ያለ ባህላዊ አቀራረብ ነው!» ብዬ ስልኬን አወጣሁ። ሲኒውን ከንፍሮው ጎን አስተካከልኩ። ብርሃኑን ሽማግሌው ስለከለሉብኝ፣ «አባት፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉልኝ» አልኳቸው። ጠጋ አሉልኝ።

እሳቸው ጠጋ ሲሉ ከጀርባቸው አንዲት ትንሽ ጠረጴዛ ታየች። ነጭ ጨርቅ ለብሳለች። ላይዋ ላይ ሻማና መስታወት የተገጠመለት የአንዲት አሮጊት ፎቶግራፍ አለ። በስልኬ መስታወት ላይ ሁሉም አንድ ላይ ገባ፤ ሻማው፣ እናቲቱ፣ ከእግራቸው ሥር የእኔ ንፍሮ።

ስልኬን ኪሴ ከተትኩ። «ጋሼ» አልኩ በሹክሹክታ፤ «ተነሥ እንሂድ። ለቅሶ ቤት ነው።»

ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አድርጎታል። «አውቃለሁ» አለ። «ድንኳን የማላውቅ መሰለህ?»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም!»

«ከጠዋት ጀምሮ ስትለፋ ነበር። ቡናህን ጠጣ።»

ልጠጣ አልቻልኩም፤ ነጭ ሪዛሙ ሽማግሌ ወደ እኛ ዞረው ነበር። ጋሽ ወልዴ ይባላሉ፤ የሟቿ ባል ናቸው። አማርኛቸው በአገሩ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ ውስጥ አድሮ የመጣ ነው፤ አንዴ «አንተ» አንዴ «እርስዎ» ይላሉ። «አስካለን እንዴት ታውቃታለህ?» አሉኝ፣ በፍቅር።

እውነቱን ለመናገር አንድ ትንፋሽ ይበቃኝ ነበር። እኔ ግን «ከአዲስ አበባ ነን፤ በሥራ... በመሥሪያ ቤት ነው የምናውቃቸው» አልኩ። ወሬው በአግዳሚው ላይ እንደ እሳት ሮጠ። «ከአዲስ አበባ! ከመሥሪያ ቤት!» አንዷ ሴት በካፊኖኖ አንድ ነገር ብላ ደረቷን መታች። ካርታ ተጫዋቾቹ ቀረቡ። ጋሽ ወልዴ ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«አስካለ መሥሪያ ቤት ገብታ አታውቅም» አሉ፣ እኔን ሳይሆን ራሳቸውን እየጠየቁ። «ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ኮረሪማ ትሸጣለች እንጂ። ከእኔ ደብቃ ነው?»

ይታያችሁ። ሰውየው ሚስታቸውን ትናንት ቀብረው፣ ዛሬ በእኔ ምላስ የማያውቋት ሴትዮ ልትሆንባቸው ነው። አፌን ከፈትኩ፤ የሚወጣው ሌላ ውሸት መሆኑን አውቀዋለሁ።

«ይዋሻል» አለ ጋሼ። የዳይሬክተር ድምፁ ነው፤ ድንኳኑ ጸጥ አለ። «ጌታዬ፣ ባለቤትዎን አናውቃቸውም። መንገደኞች ነን። ወንድሜ ቡና ቤት መስሎት ነው የገባው። እኔ ለቅሶ መሆኑን አውቄ ነው የገባሁት። ይቅርታ ያድርጉልን።»

አሁን በዱላ ያባርሩናል ብዬ በስተቀኝ ያለውን መውጫ በዓይኔ ለካሁ። ጋሽ ወልዴ ግን ጋሼን አዩት።

«አውቀህ ለምን ገባህ?» አሉ።

ጋሼ ባርኔጣውን አንድ ጊዜ አዞረው። «የኔም ሚስት ሞታለች» አለ።

ይኼን ቃል ከአፉ ሰምቼው አላውቅም። «አረፈች» ይል ነበር፤ «ከተለየችን ወዲህ» ይል ነበር፤ ልክ በማኅተም እንደሚወጣ ማስታወቂያ። «ሞታለች» ብሎ አያውቅም።

ጋሽ ወልዴ አግዳሚው ላይ ጠጋ ብለው በእጃቸው መታ መታ አደረጉ። ጋሼ ተነሥቶ ሄዶ አጠገባቸው ተቀመጠ።

«መቼ?» አሉ።

«በክረምት መግ... አይ፣ በበጋ። ፀሐይ ነበር።» ጋሼ የተደረደሩትን አግዳሚዎች አየ። «ቀብሩን ጨረስኩ። ወንበሩን አስመለስኩ። ሸራውን አስነቀልኩ። ሰውን ሁሉ አመሰገንኩ። ቤቴ ገብቼ በሩን ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚደረግ የነገረኝ ሰው የለም።»

«እኔን ገና ወንበሩ አልተመለሰም» አሉ ጋሽ ወልዴ። «በሩ እንዴት ነው? ሲዘጋ?»

ጋሼ ሊመልስላቸው አፉን ከፈተ። ቃል አልነበረም የወጣው።

የጋሼን ለቅሶ ልገልጽላችሁ አልችልም፤ አያምርም ነበር። ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ የኖረ ቧንቧ ሲከፈት መጀመሪያ አየር፣ ቀጥሎ ዝገት እንደሚተፋው ነው። ትከሻው እየዘለለ፣ አፍንጫው እየፈሰሰ፣ «በላይነሽ! በላይነሽ!» እያለ። ጋሽ ወልዴም «አስካለ!» ብለው ተከተሉት። ሴቶቹ ከጓዳ ወጡ። አይተዋት የማያውቋትን እትዬ በላይነሽን፣ በማይገባኝ ቋንቋ፣ ከሟቿ ጋር አጣምረው አለቀሱላት። ካርታ ተጫዋቾቹ ካርታቸውን አስቀምጠው ፊታቸውን በጋቢ ሸፈኑ። እኔ ብቻ ሲኒ ይዤ፣ የት እንደማስቀምጠው ጠፍቶኝ፣ በጭቃ የተሠራ ሐውልት መስዬ ተገትሬ ቀረሁ።

ለቅሶው ሲበርድ ያቺ ጥቁር ሻሽ ያሰረች ሴት ለጋሼ ቡና ቀዳችለት። ስለ ቡናው እውነቱን ልናገር፣ ቀምሼዋለሁና፦ ቀጭን ነው። ለዚያ ሁሉ ሕዝብ ተደጋግሞ የፈላ፣ የደከመው ቡና። ናሆም ቢያየው ሆስፒታል ያስገባው ነበር። ጋሼ ፉት አለ። አላቆየውም፤ ዋጠው። ጨረሰና ሲኒውን ዘረጋ። ንፍሮውንም በጭብጡ ዘገነ። ቆጮ አመጡለት፤ እሱንም በላ። እኔ ሰው እህል ሲበላ እያየሁ ስደሰት የመጀመሪያዬ ነው።

እሑድ ጠዋት ሆቴሉ በር ላይ ሻንጣዬን ይዤ ስጠብቀው ያለ ሻንጣ መጣ።

«እኔ አልሄድም» አለ። «ሠልስት አለ። ከዚያ ደግሞ ሰዉ ይበተናል። ሰዉ ሲበተን ወልዴ ብቻውን ነው። ያን ሰዓት አውቀዋለሁ።»

«ጋሼ፣ ሰውየውን እኮ ትናንት ነው ያወቅኸው!»

«አንተን ከተወለድክ ጀምሮ አውቅሃለሁ፤ ምን ጠቀመኝ?» አለ። ከዚያ የካፖርቱን ደረቅ ጭቃ በጥፍሩ ትንሽ ፋቅ ፋቅ አደረገልኝና ሄደ።

ከቦንጋ ጅማ፣ ከጅማ አዲስ አበባ፣ አጠገቤ ባዶ ወንበር ይዤ ተጓዝኩ። መኪና በሞላ ቁጥር «ሰው አለበት?» ይሉኛል፤ «አለበት» እላለሁ። መናኸሪያው ስደርስ ጸዳለ ልትቀበለን መጥታ ቆማለች። ከእኔ ኋላ ተመለከተች። የሚወርደው ተሳፋሪ አለቀ። ረዳቱ በሩን ዘጋው። ፊቷ አመድ መሰለ።

«ጋሼስ?» አለች።

«ደህና ነው። ለቅሶ ቤት ቀርቷል።»

«ለቅሶ? ማን ሞቶ?»

ታሪኩ በአፌ ሲመላለስ ነበር የመጣው፤ ንፍሮው፣ ጭብጨባው፣ ማኪያቶው። በመንገዱ ሁሉ እንዴት አድርጌ እንደማስቃት ሳሰላ ነበር። «ኮረሪማ የሚሸጡ አንዲት እናት» ልላት ነበር።

«እትዬ በላይነሽ» አልኳት።

ጸዳለ አየችኝ። ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠች፤ ከዚያ ራሷም ቦርሳዋ አጠገብ ተቀመጠች፤ እኔም ተቀመጥኩ። መናኸሪያ መሃል፣ በአመሻሽ ፀሐይ፣ የአውቶቡስ ጥሩምባ በላያችን እየጮኸ። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። አንድ የማናውቀው ሰው መኪናው ሊሄድበት እየተጠራ፣ ሻንጣውን አውርዶ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ከጎናችን ቁጢጥ አለ። ማን እንደሞተብን አልጠየቀንም።